ለጭቃው የተገዛ ጎማ በፈጣኑ መንገድ ሲፈተን

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ክረምት ገብቶ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ወዳለው ያልተነጠፈ መንገድ የታጠፈ ሾፌር ግን የሚያውቀው ጥቁሩን አፈር ነው። የአቃቂ ዋልካ ዝናብ ሲነካው ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ የያዘውን ጎማ አይለቅም። በጋ ሲመጣ ደግሞ ይሰነጣጠቅና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከዚህ ጭቃ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ርቆ የአገሪቱ የመጀመሪያው ፈጣን መንገድ የክፍያ በር ቆሟል። በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው፣ ስድስት መስመር ያለውና 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ የሚጀምረው እዚሁ ነው።

እንግዲህ አንድ መኪና በአንድ ጠዋት፣ በእነዚያው አራት ጎማዎች፣ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር እየተንፏቀቀ ከዋልካ ይወጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 በላይ እየበረረ ቢሾፍቱን ያልፋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ እነዚህ ሁለት ፈተናዎች እንዲህ ተጠጋግተው የሚገኙበት ሰፈር ብዙ አይደለም። ስለዚህ ጎማ መምረጥ በቱሉ ዲምቱ የመኪና ወዳዶች ጨዋታ ሊሆን አይገባም ነበር። ሆኗል ግን።

ሰሞኑን በሰፈሩ የሚታየው ፋሽን ይህ ነው። ትንሽ ባለ አራት እግር መኪና፣ ሱዙኪ ጂምኒ ወይም አሮጌ ቪታራ፣ ዳይሃትሱ ቴሪዮስ ወይም የድሮ ራቭ ፎር ይገዛል። ቀጥሎ ጎማው ይወልቅና ጥርሱ እንደ ትራክተር የገጠጠ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ ያለው፣ ከጭቃ መከላከያው ወጣ ያለ ሰፊ ጎማ ይገባበታል። መኪናው ከፍ ይላል። «አሁን መኪና መሰለ» ይባላል። ሻጩ ይደሰታል፣ ገዢው ይደሰታል፣ ጓደኛ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ ቅዳሜ ማለዳ ቤተሰብ ተጭኖ በክፍያው በር በኩል ወደ ላንጋኖ ይነዳል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሦስት ዓይነት ጎማ፣ ሦስት ዓይነት ሥራ

ገበያ ላይ ለእነዚህ መኪኖች የሚቀርበው ጎማ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የአስፋልት ጎማ ነው፤ ጥርሱ የተቀራረበ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ መሬቱን የሚጨብጥ። ሁለተኛው ሁለገብ የሚባለው ነው፤ ነጋዴው «ኤቲ» ይለዋል። ጥርሱ መጠነኛ ክፍተት አለው፣ ጎኑ ከአስፋልቱ ጎማ ጠንከር ይላል፣ ኮረትና አቧራ መንገድ ላይ አይቆራረጥም። ሦስተኛው የጭቃ ጎማ፣ «ኤምቲ» ነው። ጥርሱ ትልልቅ፣ ክፍተቱ ሰፊ ሲሆን፣ ጎማው ሲሽከረከር ጭቃውን ከመሃሉ እንዲወረውር የተሠራ ነው።

የጭቃ ጎማ መጥፎ ጎማ አይደለም። ሥራው ጭቃ ነው። ጭቃ ውስጥ የረዳው ያ ሰፊ ክፍተት ግን አስፋልት ላይ ዕዳ ይሆናል። መሬት የሚነካው የላስቲክ መጠን ያንሳል፤ ረጃጅሞቹ ጥርሶች በፍጥነት ጊዜ ይወላወላሉ፣ ይሞቃሉ። ዝናብ በጣለበት አስፋልት ላይ ድንገት ፍሬን ሲያዝ መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ይረዝማል። ጩኸቱም አለ። የጎማው ሁምታ የተበላ ኩሽኔታን ድምፅ ሸፍኖ ሾፌሩን ያዘናጋል።

አራት እግር ማስገባት መኪና እንዲነሳ ያግዛል እንጂ እንዲቆም አያግዝም። ይህ ቀላል እውነት በብዙ ባለ አራት እግር ሾፌሮች ዘንድ የተረሳ ነው። ማንኛውም መኪና የሚቆመው በፍሬኑና መሬት በነካው ላስቲክ ብቻ ነው።

ሒሳቡ ከፋሽኑ ጋር አይስማማም

አዲሱ ጂምኒ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚለብሰው 195/80 አር 15 ጎማ ነው። የቀድሞው ጂምኒና የመጀመሪያው ቴሪዮስ 205/70 አር 15 ይለብሳሉ። ጭቃ ወዳዱ ግን የሚያስገባው ብዙ ጊዜ 235/75 አር 15 ነው። ቁጥሩ ሲነገር ትንሽ ልዩነት ይመስላል። በሜትር ሲለካ ግን የ205/70 ጎማ ቁመት 668 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የ235/75 ደግሞ 733 ገደማ ነው። ልዩነቱ 10 በመቶ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? የፍጥነት መለኪያው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። ጎማው ሲተልቅ መኪናው በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ይጨምራል፤ መለኪያው ግን ይህን አያውቅም። በፋብሪካው ጎማ ትክክል ይናገር የነበረ መለኪያ አሁን 100 ሲል መኪናው 110 ላይ ነው። ፍጥነት በአንድ አሥረኛ ሲጨምር ፍሬን ሊያበርደው የሚገባው ጉልበት በአንድ አምስተኛ ያድጋል። ሾፌሩ በ100 እየነዳ መስሎት በ110 ይነዳል፤ በዚያ ላይ የሚነዳው ለማቆም በሚያስቸግር ጎማ ነው።

ከፍታም አለ። ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የአዲሱ ጂምኒ 1.5 ሊትር ሞተር በወረቀት 102 የፈረስ ጉልበት ነው፤ እዚህ ሰፈር የሚሠራው ግን ወደ 80 በተጠጋ ነው። ያረጀው የ1.3 ሊትር ሞተር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። እንዲህ በደከመ ሞተር ላይ ትልቅና ከባድ ጎማ መጫን ማርሹን ማክበድ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ይለግማል፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ ሾፌሩም ከባድ መኪና ለመቅደም ሲወጣ ያሰበው ጉልበት አይመጣለትም።

ሌላው ነጋዴ የሚኮራበት ነገር «ባለ አሥር ፕላይ» የሚባለው የጭነት ጎማ ነው። ጠንካራ ነው፣ እውነት ነው። ግን ለማን? ጂምኒ ባዶውን 1,100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የፋብሪካው ጎማ ላይ ያለው 96 የሚለው ቁጥር አንዱ ጎማ 710 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ አራቱ ተደምረው 2,840 ኪሎ። መኪናው ቤተሰብና ዕቃ ተጭኖ እንኳ ወደዚያ አይጠጋም። ለፒክአፕ የተሠራ ደረቅ ጎማ በዚህ ቀላል መኪና ላይ ሲገባ አይተጣጠፍም፣ ኮብልስቶን ላይ ያንዘፈዝፋል፣ ለሾፌሩ ወገብ እንጂ ለደኅንነቱ የጨመረው ነገር የለም።

ቁመትም አይረሳ። የጂምኒ የፊትና የኋላ እግር ርቀት 2 ሜትር ከ25 ሳንቲም ብቻ ነው። አጭርና ጠባብ መኪናን ከፍ ባደረጉት ቁጥር መገልበጥ ይቀለዋል። በፈጣን መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶ መሪ በድንገት የተጠመዘዘ ከፍ ያለ አጭር መኪና ምን እንደሚሆን ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

አሜሪካኖች በሬሳ የተማሩት

«ጎማ ጎማ ነው» ለሚል ሰው አንድ ታሪክ አለ። በነሐሴ 1992 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች ኦገስት 2000 መሆኑ ነው፣ ፋየርስቶን የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ መንገድ ላይ የነበሩ 6.5 ሚሊዮን ገደማ ጎማዎችን ለመሰብሰብ ተገደደ። ጎማዎቹ ኤቲኤክስ እና ዊልደርነስ ኤቲ ይባሉ ነበር። አብዛኞቹ የገቡት ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለው የቤተሰብ መኪና ላይ ነው። እነዚህ ለአስፋልትም ለአቧራም ተብለው የተሸጡ ጎማዎች ሙቀት በሚበዛባቸው ደቡባዊ ግዛቶች በፈጣን መንገድ ላይ ጥርሳቸው ከአካላቸው እየተላቀቀ መኪናው ይገለበጥ ነበር። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከእነዚህ ጎማዎች ጋር ያያያዘው ሞት 271 ደርሷል።

ጥፋቱ የማን ነበር? ጎማ ሠሪው መኪና ሠሪውን ከሰሰ፤ መኪናው በቀላሉ ይገለበጣል፣ የታዘዘውም አየር አነስተኛ ነው አለ። መኪና ሠሪው ጎማ ሠሪውን ከሰሰ። ፎርድ ያዘዘው 26 ፒ.ኤስ.አይ. ሲሆን ፋየርስቶን በኋላ 30 ይሁን ብሎ ነበር። ልዩነቱ አራት ቁጥር ነው። ያነሰ አየር፣ የከበደ ጭነት፣ የበዛ ፍጥነትና ሙቀት ሲደመሩ ደካማውን ጎማ ገነጠሉት። በዚያው የፈረንጆች ዓመት የወጣው ሕግ ዛሬ በአዳዲስ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የሚበራውን የጎማ አየር ማስጠንቀቂያ አስገዳጅ ወደማድረግ አመራ።

አሁን ወደ ቱሉ ዲምቱ ይመለሷል። ጭቃ ውስጥ ላለመቀርቀር አየር መቀነስ ባለ አራት እግር ሾፌሮች የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ ትክክለኛም ዘዴ ነው። ነገር ግን ጠዋት ለዋልካው አየር የቀነሰ ሾፌር ጎሚስታ ጋ ቆሞ ሳይሞላ ወደ ክፍያው በር ቢታጠፍ፣ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ሞቃታማው አዳማ ቁልቁል ቢነዳ፣ ያን የአሜሪካኖች ስሌት በራሱ ላይ ደግሞ አሰላው ማለት ነው። ያነሰ አየር፣ የከበደ ጭነት፣ ፍጥነት፣ ሙቀት። አንዱም አልጎደለም።

የጎማው የልደት ቀን

ጥርስ ያታልላል። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ላስቲክ በፀሐይና በአየር ይደርቃል፣ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ጥርሱ ግን እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። የጎማ ሠሪዎች የተለመደ ምክር ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ አሥር ዓመት ከሞላው ጥርሱ ሳያልቅ እንኳ እንዲወገድ ነው። በርካታ መኪና ሠሪዎች ደግሞ ስድስት ዓመት ላይ ይበቃል ይላሉ።

የልደት ቀኑ ጎኑ ላይ ተጽፏል። «ዲ.ኦ.ቲ.» ከሚሉት ፊደላት ተከትሎ የሚመጣው ጽሑፍ በአራት ቁጥር ያልቃል። 2319 ከሆነ ጎማው የተሠራው በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ነው። በሦስት ቁጥር የሚያልቅ ከሆነ ጎማው የተሠራው ከ2000 በፊት ነውና ቦታው መኪና ሥር ሳይሆን ምናለሽ ተራ ነው፤ በረባሶ ይሠራበት። ሙሉው ቁጥር አንዳንዴ በአንዱ ጎን ብቻ ይጻፋል፤ ያ ጎን ወደ ውስጥ ዞሮ ከተገጠመ አይታይም። ገዢው ጎማው ቸርኬ ላይ ሳይገባ በፊት ሁለቱንም ጎን ማየት አለበት።

የፊልም ተዋናዩ ፖል ዎከር በ2013 እ.ኤ.አ. በመኪና አደጋ ሲሞት ዓለም ሁሉ ስለ ፍጥነቱ አወራ። ዋናው ምክንያትም ፍጥነቱ ነበር። መርማሪዎቹ ግን አንድ ነገር ጨምረው ጽፈዋል፤ የመኪናው ጎማዎች ከዘጠኝ ዓመት በላይ የቆዩ ነበሩ። መኪናው ብዙ መቶ ሺህ ዶላር የሚያወጣ ነበር። ለዓመታት የደረቀ ላስቲክ የመኪናውን ዋጋ አይጠይቅም።

ያገለገለ የጭቃ ጎማ ገዝቶ «ጥርሱ ገና ነው» የሚል ሰው ይህን ማሰብ አለበት። ጥርሱ ገና የሆነው ለምንድን ነው? አንድ ሰው ገዝቶት ብዙም ሳይነዳው ለዓመታት ቆሞበት ሊሆን ይችላል። የቆመ መኪና ጎማ ጥርሱ አያልቅም፤ ዕድሜው ግን ያልቃል።

«ጭቃውስ?» ለሚሉ

ተቃውሞው ይታወቃል፤ ተገቢም ነው። የሰፈሩ ሰው «የአስፋልት ጎማ አስገብተን ክረምት ላይ ማን ይጎትተን?» ይላል። ጭቃው የፈጠራ ወሬ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ሲተላለፍ ቤት ይቀድማል፣ መንገድ ይከተላል፤ አንዳንዱ ጋ እየተከተለ ዓመታት አልፈዋል።

ነገር ግን ይህ ሰው በአንድ ሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር በጭቃ፣ ስንቱን በአስፋልት እንደሚነዳ ይቁጠር። ከቤቱ እስከ ዋናው መንገድ ያለው ጭቃ ጥቂት ነው፤ ከዚያ በቃሊቲ ወይም በቂሊንጦ አድርጎ እስከ መሥሪያ ቤቱ ያለው ሁሉ አስፋልት ነው። ጭቃውም የሚበረታው በክረምቱ ሦስት ወር ነው። በዓመት ውስጥ ለሚነዳት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብሎ የቀረውን በሙሉ በማይሆን ጎማ መንዳት ለአንድ ቀን ሠርግ ዓመቱን በካባ እንደመዋል ነው።

ሁለተኛው መልስ ስለ ዋልካው ራሱ ነው። በዋልካ ውስጥ ሰፊ ጎማ የሚመስለውን ያህል አይጠቅምም። ሰፊው ጎማ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ይንሸራተታል፣ ጭቃ ይለብሳል። ጠባቡ ጎማ ላዩን ቆርጦ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይፈልጋል። የጂምኒ መሐንዲሶች 195 የሚል ጠባብ ጎማ የመረጡት ገንዘብ አጥሯቸው አይደለም። በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ዝቋላ አቦን ለመሳለም ተራራውን የሚወጡ ትንንሽ ሱዙኪዎችን ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ዳገቱን የሚያስጨርሰው የመኪናው ቅለትና የሾፌሩ እርጋታ እንጂ የጎማው ግርማ አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ገንዘብ ነው። ይህ ከሁሉም የከበደ ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ያለው መኪና ሁሉ ረጅም ዕድሜ እንዲኖር ተፈርዶበታል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ጎማ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ዛሬ አራት አዲስ ጎማ መግዛት ለደሞዝተኛ የወራት ደሞዝ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ሰው ያገለገለ ጎማ የሚገዛው ንቀት ይዞት አይደለም።

ግን ገንዘብ ያጠረው ሰው የመጀመሪያው ሊተወው የሚገባ ወጪ ፋሽኑ ነው። በፋብሪካው ልክ የተሠራ አዲስ ሁለገብ ጎማ ከሰፊው የጭቃ ጎማ ይረክሳል። ቶሎ አያልቅም፣ ቤንዚን አያባክንም፣ ቸርኬ ለውጥና መኪና ከፍ ማድረግ አይጠይቅም። ድህነትን ምክንያት አድርጎ ውዱን ጎማ የሚገዛ ሰው ከራሱ ጋር አልተስማማም።

እና ምን ይገዛ?

የቱሉ ዲምቱ ባለ ትንሽ ባለ አራት እግር መኪና የሚፈልገው ጎማ ግርማ ሞገስ የለውም። ነገሩም እሱ ነው።

1. ልኩ የፋብሪካው ልክ ይሁን። በሾፌሩ በር አካባቢ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ማሳደግ ግድ ከሆነ የቁመቱ ልዩነት ከሦስት በመቶ አይለፍ። ለአዲሱ ጂምኒ 215/75 አር 15 ከዚህ ወሰን አይወጣም፤ 235/75 ይወጣል።

2. ዓይነቱ ለዘብ ያለ ሁለገብ ጎማ ይሁን፤ መሃሉ ላይ ጥርሱ የተቀራረበ፣ ዳር ዳሩ ላይ ክፍት የሆነ። ኮረቱንና መጠነኛውን ጭቃ ይወጣል፣ አስፋልት ላይም አያሳፍርም። ከሰፈር ከአዲስ አበባ ለማይወጣ፣ ደጁም ኮብልስቶን ለተነጠፈለት ሰው ደግሞ የአስፋልት ጎማ ይበቃል።

3. የልደት ቀኑ ይታይ። ሻጩ ማሳየት ካልፈለገ ሌላ ሱቅ አለ።

4. አራቱም አንድ ዓይነትና አንድ ልክ ይሁኑ። ሁለት አዲስ ከሁለት የተላጠ ጋር ቀላቅሎ አራት እግር ማስገባት፣ በተለይ ሁልጊዜ አራቱንም እግር በሚያሽከረክር መኪና ላይ፣ ጎማ ቆጥቦ ካምቢዮ መብላት ነው። ስኮርታውም ያው ልክ ይሁን።

5. አየር በወር ሁለት ጊዜ፣ ረጅም መንገድ ከመውጣት በፊት ደግሞ ሁልጊዜ፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። ለጭቃ የተቀነሰ አየር ከክፍያው በር በፊት ይሞላ። በዓይን አይቶና በእግር ረግጦ «ደህና ነው» ማለት መለካት አይደለም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ይህ ሁሉ ለሾፌሩ ከተነገረ በኋላ ግን ነገሩ በሾፌሩ ላይ ብቻ እንዳይቆም። በመንገድ አደጋ ዜና ላይ «ጎማ ፈንድቶ» የምትለው ሐረግ የሁሉም ነገር ማብቂያ ሆናለች። ጎማ ፈነዳ፤ አለቀ። የስንት ዓመት ጎማ? ስንት አየር ነበረው? ልኩ የመኪናው ነበር? ማን መረመረው? ሳይባል ሬሳ ይነሳል፣ መንገዱ ይጸዳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንኳ አልሆነም፤ ከሄደ በኋላም የሚጮህ የለም።

መልሱ ከባድ አይደለም፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ሲደረግ የአራቱም ጎማ ልክና የተሠራበት ሳምንት በወረቀት ላይ ይስፈር፤ ቦሎ የሚሰጠው ጥርሱን ብቻ ሳይሆን ዕድሜውን አይቶ ይሁን። በክፍያው በር ላይ የሚከፈለው ገንዘብ የመንገድ አገልግሎት ዋጋ ነው፤ ከአገልግሎቱ አንዱ ደግሞ ከበሩ በፊት ሰው ቆሞ አየር የሚለካበትና የሚሞላበት ሥፍራ መሆን አለበት። ጎማ ነጋዴ በደረሰኙ ላይ የጎማውን የተሠራበት ሳምንት እንዲጽፍ ይገደድ። መድኃኒት የሚሸጥ ሰው የሚያበቃበትን ቀን ሳያሳይ አይሸጥም፤ ቤተሰብ በ100 የሚበርበት ላስቲክ ለምን ያለ ቀን ይሸጣል?

ከሁሉም በላይ ደግሞ መንገዱ ይሠራ። በቱሉ ዲምቱ የሚታየው የገጠጠ የጭቃ ጎማ ሁሉ ፋሽን ብቻ አይደለም፤ ከፊሉ ያልተነጠፈ መንገድ ሰነድ ነው። ነዋሪው ያልተሠራለትን መንገድ ከኪሱ በጎማ እየከፈለ ነው። ይህ ደረሰኝ የሌለው ግብር ነው። መኪና የሌለው ጎረቤቱ ደግሞ ይህንኑ ግብር በቦት ጫማና በጭቃ በራሰ ሱሪ ይከፍላል። ከተማዋ ዋና ዋና ጎዳናዎቿን ስታሳምር በዳር ሰፈሮች በጥቂት መቶ ሜትር ኮብልስቶን የሚፈታ ችግር ሰውን ለፈጣን መንገድ የማይሆን ጎማ እያስገዛ ነው። ሾፌሩን ብቻ መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ነው።

ሆኖም መንገዱ እስኪሠራ ድረስ ጎማው የሚገዛው በሾፌሩ ገንዘብ፣ የሚነዳውም በሾፌሩ ቤተሰብ ላይ ነው። ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ መኪና ዋጋው የታወቀ ነው፤ ጥቂት ጎረምሶች፣ አንድ ገመድ፣ የቆሸሸ ልብስና የአንድ ሰዓት መዘግየት ነው። በፈጣን መንገድ ላይ ጎማው የተገነጠለ መኪና ዋጋ ግን በገመድ አይጎተትም።

ከጭቃው የሚያወጣ ሰው ሞልቷል። ጎማ የሚመረጥ ሰው የሚያውጣው ለማይገኝበት መንገድ ይምረጥ።